የሁለት መቶ ሃያ ቮልት ጫፍ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን
መስከረም 19 ቀን 1971 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለነጅመዲን፣

አሰላሙ አለይኩም። የሰው አገር ብርድ እንዴት ይዞሃል? አላህ ጤናህን ይጠብቅልህ፤ የጀመርከውን ለመጨረስ ያብቃህ። እኛ ከአንድ ነገር በቀር ደህና ነን። የምጽፍልህም ስለዚያ አንድ ነገር ነው።

መቼም ስሜን አይተህ «ይቺ ደግሞ የትኛዋ ናት?» ሳትል አትቀርም። ከይሪያ ነኝ። የእኔ አያትና የአባትህ እናት የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። የሽኝትህ ቀን፣ ወሰን ሰፈር እናትህ ቤት፣ ድንኳኑ አልበቃ ሲል አጥሩን አላስከፍትም ካለው ጎረቤት ጋር የተጨቃጨቅኩት እኔ ነበርኩ። ዝምድናችን ሩቅ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚማር የቅርብ ዘመድ ግን የለኝም።

ባለቤቴ ሳልህ የቀበሌያችን ወፍጮ ኦፕሬተር ነው። እኔም እዚያው ሚዛን ላይ እሠራለሁ። ነሐሴ ላይ የሞተሩ ኮንደንሰር፣ ያ ሞተሩን የሚያስነሳው ጣሳ መሳይ ዕቃ፣ ተቃጠለ። የቀበሌው ዕቃ ገዢ ኢዶሳ መርካቶን ዞሮ አንድ ካርቶን አዲስ ይዞ መጣ። ላዩ ላይ 250 ቮልት ይላል። መስመራችን 220 ነው። ኮሚቴው በሙሉ እየተቀባበለ አየውና «ሠላሳ ቮልት ትርፍ አለው» ተባለ፤ ሳልህም ገጠመው። ለዘማቹ ስንቅ የሚሄደው እህል እየተፈጨ ሳለ፣ ከቀትር በኋላ ኮንደንሰሩ ፈነዳ። ድምፁ የቦምብ ነው። አብዮት ጠባቂዎቹ መሬት ላይ ተኙ፤ አንዱማ ተኩሷል። ሞተሩም አብሮ ተቃጠለ።

በማግስቱ ሳልህን ወሰዱት። የቀበሌው ጸሐፊ ጎበና ስብሰባ ጠርቶ «ሁለት መቶ ሃምሳ የሚችልን ዕቃ ሁለት መቶ ሃያ ሊያፈነዳው አይችልም፤ ስለዚህ የሰው እጅ አለበት» አለ። ሰውም አጨበጨበ። «የዘማቹን ስንቅ ለማሰናከል ሆን ብዬ አሻጥር ሠርቻለሁ» የሚል ወረቀት አዘጋጅተው ፈርም ይሉታል። ከፈረመ ምሕረት ይደረግለታል ይላሉ። የፈረሙት ሰዎች የት እንደ ደረሱ እዚያም ሆነህ ሳትሰማ አትቀርም። ሳልህ አልፈርምም ብሏል። እኔም ፈርም አልለውም።

እንግዲህ ጥያቄዬ አንድ ነው። ሁለት መቶ ሃያ፣ ሁለት መቶ ሃምሳን እንዴት አፈነዳው? የሰው እጅ እንደሌለበት እኔ አውቃለሁ፤ እዚያው ቆሜ ነበር። መልሱን ግን አላውቅም። እናትህ እትዬ አስያ ደህና ናቸው፤ ሁልጊዜ ስምህን ያነሳሉ።

አላህ በሰላም ያገናኘን።
ከይሪያ


ድሬስደን
ጥቅምት 22 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለከይሪያ፣

የከበረ ሰላምታዬ ካለሁበት ድረስ ይድረስሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ በጣም ደህና ነኝ። ሰፊው ሕዝብ የሰጠኝን የትምህርት ዕድል በአግባቡ እየተጠቀምኩበት እገኛለሁ።

ስለ ባለቤትሽ የጻፍሽውን አንብቤ አዝኛለሁ። ሆኖም በዚህ ርቀት ላይ ሆኜ ስላላየሁት ዕቃ አስተያየት መስጠት ይከብደኛል። የቀበሌው ኮሚቴ ጉዳዩን በቅርብ የሚያውቅ እንደመሆኑ ከእሱ ጋር መተባበር የሚበጅ ይመስለኛል። ባለቤትሽ ሂሱን ቢቀበልና ለስለስ ቢል ነገሩ ይበርድ ነበር። እኔም የመንግሥት ተማሪ መሆኔን አንቺ ትረጂልኛለሽ ብዬ አምናለሁ።

እናቴን እግራቸውን ሳሚልኝ። ዓይናቸው ተሻላቸው ወይ? እባክሽ ስለእሳቸው በሰፊው ጻፊልኝ።

አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!
ነጅመዲን


ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ኅዳር 16 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለነጅመዲን፣

ሰላም ይብዛልህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ወረቀቱ ያምራል። ከላይ ሰላምታ አለው፤ ከታች መፈክር አለው፤ መሐሉ ላይ ግን ፈልጌ ፈልጌ ምንም አጣሁ።

ስለ እናትህ በሰፊው ጻፊልኝ ብለሃልና ልጻፍልህ። ዓይናቸው ስላልተሻላቸው ደብዳቤህን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ስጨርስ «የቀረውን አንብቢው» አሉኝ። «አለቀ» አልኳቸው። «መልሱስ?» አሉ። «መልስ የለውም» ስላቸው «ልጄ ባሕር ተሻግሮ የተማረው ይህን መፈክር ከሆነ፣ እዚሁ ሰፈር በነፃ ያስተምሩት ነበር፤ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት» አሉኝ። ከዚያ በኦሮምኛ የጨመሩትን አልጽፈውም። በአማርኛ ሲሆን ይለዝባል።

እኔ ደግሞ የራሴን ልጨምር። ምክር ጠየቅኩህ እንዴ? ለስለስ በሉ የሚል ሰው እዚህ ሞልቶናል፤ በየበሩ ነው ያለው። ሳልህ የምን ሂስ ነው የሚቀበለው? የገጠመው እነሱ ያመጡለትን፣ የገጠመው እነሱ እያዩ ነው። ባሌ የታሰረው በአንድ ቁጥር ነው። በቁጥር የታሰረን ሰው በቁጥር ነው የማስፈታው። ቁጥሩን ከማን ልጠይቅ?

አንድ ነገር ልንገርህ። ወፍጮ ቤቱን ስጠርግ የፈነዳውን ዕቃ ቅርፊት ከሞተሩ ሥር አገኘሁት። 250 ከሚለው አጠገብ ቀጥ ያለች አጭር መስመር አለች። ሳልህ ሳይጥለው የቀረውን የድሮውን ኮንደንሰር አወጣሁና ሳየው እሱ 400 ይላል፤ አጠገቡ ያለችው መስመር ግን ትል ይመስል የተጠማዘዘች ናት። ይህ ነገር ትርጉም አለው ወይስ የፋብሪካው ጌጥ ነው?

ምሳ ሳደርስለት ከበር ይቀበሉኛል፤ እሱን ግን አላየሁትም። ፋይሉን ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ሊያስተላልፉት ነው እየተባለ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን አንተም ታውቃለህ።

ከይሪያ


ድሬስደን
ታኅሣሥ 14 ቀን 1971 ዓ.ም.

እህቴ ከይሪያ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም እናቴ ላሉበት ቤት። ያሉትን አነበብኩት። በኦሮምኛ ያሉትንም ገመትኩት።

መስመሮቹ ጌጥ አይደሉም። መልስሽ ያለው እነሱ ላይ ነው።

ግድግዳችሁ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ እንደ ባትሪ ድንጋይ አንድ ቦታ ረግቶ አይቆምም። ከዜሮ ተነስቶ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል፤ ዜሮን አልፎ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ያንኑ ያህል ይሄድና ይመለሳል። ይህን ዙር በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ያደርገዋል። ተለዋዋጭ ጅረት የሚባለው ስለዚህ ነው። ታዲያ እንዲህ የሚዋዥቅ ነገር «ስንት ቮልት ነው?» ሲባል ምን ይመለሳል? ጫፉን እንዳንናገር፣ እዚያ የሚቆየው ለቅጽበት ነው። አማካዩን እንዳንወስድ፣ ወደዚህ የሄደውና ወደዚያ የሄደው ተጣፍተው ዜሮ ይመጣል፤ በዜሮ ደግሞ ካውያ አይግልም። ስለዚህ ሰዎች የተስማሙት በሚሰጠው ሙቀት ነው። 220 ማለት፣ ረግቶ የሚቆም 220 ቮልት ምድጃ የሚያሞቀውን ያህል የሚያሞቅ ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

ሒሳቡን ራስሽ ሥሪው። ሙቀት የሚከተለው ቮልቱን ሳይሆን፣ ቮልቱ በራሱ ሲባዛ የሚገኘውን ነው። በየቅጽበቱ ያለውን ቮልት በራሱ አባዢው። ከዜሮ በታች የነበረውም ሲባዛ ከዜሮ በላይ ይሆናልና መጣፋት ይቀራል። የእነዚህን ሁሉ አማካይ ውሰጂ፤ ከዚያ ዳግም ዘሩን፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ ያንን የሚሰጠውን ቁጥር፣ አውጪ። እንደኛ መስመር ሳይሰበር እየተጠማዘዘ ለሚሄድ ሞገድ፣ ያ አማካይ ሁልጊዜ ጫፉ በራሱ ሲባዛ ከሚገኘው ግማሽ ነው። እስቲ 311ን በ311 አባዢ፤ 96,721 ይመጣል። ግማሹ 48,360 ከምናምን ነው። በራሱ ተባዝቶ ይህን የሚሰጠው ቁጥር ማን ነው? በጥቂት ልዩነት 220። ስለዚህ 220 የምትሉት መስመር በየዙሩ 311 ይደርሳል፤ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ፣ በሰከንድ መቶ ጊዜ።

ኮንደንሰር ደግሞ ምድጃ አይደለም። ውስጡ ሁለት ብረት ሳይነካካ እንዲኖር የሚለይ ስስ ነገር አለ። እሱን የሚበሳው ጫፉ ነው። ረጅም ሰው ጉበን ግንባሩን ሲለው የቤተሰቡን አማካይ ቁመት የሚጠይቅ የለም። ቀጥ ያለችው መስመር «ይህ 250 ረግቶ ለሚቆም ኤሌክትሪክ ነው» ማለት ነው። የተጠማዘዘችው ለተለዋዋጭ ነው። ሠላሳ ቮልት ትርፍ የተባለው፣ እውነቱ ስልሳ አንድ ቮልት ጉድለት ነበር። በገጠማችሁት ሰዓት ያልፈነዳውም ስሱ ነገር እየጋለና እየደከመ ስለሚሄድ ነው።

ይህን በእጅሽ ገልብጪው፤ የእኔን ጽሑፍ አታሳዪያቸው። ከእኔ ነው አትበዪ።

ደህና ሁኚ።


ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ጥር 12 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣ በደብዳቤው ላይ ስም ለሌለው፣

አላህ እውቀትህን ይጨምርልህ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ብዜቱን ሚዛኔ አጠገብ ቁጭ ብዬ በጠመኔ ሠራሁት፤ አንተ ያልከው መጣ። ከዚያ ወዲያ ማን ይችለኛል! እሁድ በነዋሪው ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ተነሳሁና ከዜሮ እስከ ጫፉ ተናገርኩ። ሴቶቹ በጸጥታ ሰሙኝ።

ጎበና ሲያዳምጠኝ ቆየና «ይህን ማን ነገረሽ?» አለ። «የሚያውቅ ሰው» አልኩ። «ስም የሌለው እውቀት አባት እንደሌለው ልጅ ነው» ብሎ ሰውን አሳቀ። ቀጥሎ የቮልት መለኪያ አስመጣ፤ ያቺን መርፌ ያላትን። ግድግዳው ላይ ሰካት። መርፌዋ ሄዳ 220 ላይ ቀጥ አለች። «ጓዶች፣ ሦስት መቶ አሥራ አንድ የታለ?» አለ። ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። አንተ ስለ መርፌዋ አልነገርከኝም።

ቁጭ በይ አሉኝ፤ አልተቀመጥኩም። «ከዚያው ካርቶን የተረፉት ኮንደንሰሮች አሉ፤ ታሽገው መጋዘን ናቸው፤ ቁልፉም ጎበና ኪስ ነው። እኔም ባሌም አልነካናቸውም። አንዱን አውጥታችሁ ከመስመሩ ጋር አገናኙት። ካልፈነዳ እኔንም ከሳልህ ጎን እሰሩኝ» አልኳቸው። ጎበና ሳቀ። ሰው ግን አጉረመረመ፤ «ይሞከር እንጂ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ጎበናም ወዶ ሳይሆን ተገዶ በቃለ ጉባኤ አስገባው። ቀኑን ግን «የባለሙያ ስም ያለበት ማስረጃ ሲቀርብ» አለ። ሊያዘገየኝ ነው።

አሁን ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። መርፌዋ ለምን ትዋሻለች? ሁለተኛው ስምህ ነው። ስምህን ብትጽፍ ምን እንደሚያስከትልብህ ስለማላውቅ አልለምንህም። እትዬ አስያም ይጻፍ አላሉም፣ አይጻፍም አላሉም። ብትልከውም ባትልከውም ግን ያን ዕቃ ፊታቸው ላይ አፈነዳዋለሁ።

ከይሪያ


ድሬስደን
የካቲት 20 ቀን 1971 ዓ.ም.

እህቴ ከይሪያ፣

የአላህ ሰላም በሁላችሁ ላይ ይሁን። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ደብዳቤሽ ጠረጴዛዬ ላይ ብዙ ከረመ።

መርፌዋ አትዋሽም፤ የተጠየቀችውን ነው የምትመልሰው። በሰከንድ መቶ ጊዜ መዝለል አትችልም። ሠሪዎቿ ቁጥሮቹን የጻፉላት የሙቀቱን ልክ እንድታሳይ አድርገው ነው፤ ስለዚህ 220 ትላለች። ጫፉን የሚያሳይ ሌላ መሣሪያ አለ፤ ሞገዱን በመስታወት ላይ ይሥለዋል። እዚህ ያለውም መስመር 220 ነው ይባላል። ትናንት ራሴ ሰክቼ ለካሁት፤ ጫፉ ከሦስት መቶ አለፈ። በእጄ ሥዬ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ።

ሙከራውን ተዪው ብልሽ እንደማትሰሚኝ ገብቶኛል። እንግዲያው ኤሌክትሪሺያን ያገናኘው። ኮንደንሰሩን ወፍራም በርሜል ውስጥ ክተቱት፤ ማንም አይጠጋው፤ ማብሪያው ከሩቅ ይሁን። መስመሩ ሳይነቀል ማንም እንዳይነካው። ቶሎ ላይፈነዳ ይችላል፤ አትደንግጪ።

ይህን ደብዳቤ እንዳለ አሳዪያቸው። ጮክ ብለሽ አንብቢው።

ነጅመዲን ጀይላን
የኤሌክትሪክ ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን
መጋቢት 27 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለነጅመዲን ጀይላን፣

አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ! ሳልህ ቤት ነው። አሁን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተኝቷል። በል ተረጋግተህ ስማኝ።

ደብዳቤህን ከነስምህ ለስብሰባው አነበብኩት። ጎበና ከዚህ ወዲያ የሚያዘገይበት ሰበብ አጣ። በማግስቱ ሰው ሁሉ ወፍጮ ቤቱ ግቢ ወጣ። ካርቶኑን የከፈተው ራሱ ጎበና ነው፤ አንዱን የመረጠውም እሱ ነው። ከመገናኛ የመጣ ከድር የሚባል ኤሌክትሪሺያን አገናኘው፤ በርሜል ውስጥ ከተተው፤ ማብሪያውን ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ጫነው።

ዝም። ምንም የለም። ቆምን፣ ፀሐይ መታን፣ አሁንም ዝም። አንዳንዱ ወደ ቤቱ መሄድ ጀመረ። አንዲት ጎረቤቴ እጄን ይዛ ታለቅሳለች። እኔ ያልከውን በልቤ እየደገምኩ በርሜሉን አፍጥጬ አያለሁ። ጎበና በርጩማ ላይ ወጣና ስለ ንቃት ንግግር ጀመረ። «ፀረ አብዮተኞች በቁጥር ሊያደናግሩን ቢሞክሩም» ብሎ ግራ እጁን ጨብጦ እንዳነሳ ዕቃው ፈነዳ! የበርሜሉ ክዳን ከጣሪያው በላይ ሄደ። ጎበናን ያየሁት ከበርጩማው ሥር ነው።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጎበና አቧራውን አራግፎ እንደተነሳ «እንግዲያው ጥፋቱ የገዢው ነው!» ብሎ ወደ ኢዶሳ ጠቆመ። አብዮት ጠባቂዎቹ ክንዱን ያዙት። ኢዶሳ አመድ መሰለ። ከኋላዬ «ዝም በይ፣ ባልሽን ይዘሽ ግቢ» ይሉኛል። ስድስት ወር ሙሉ የጠበቅኩት በር ተከፍቶልኛል፤ የሚፈለግብኝ ዝምታ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ንዴቴ መጣ። «ኢዶሳ ያነበበውን እናንተም አንብባችኋል፣ እየተቀባበላችሁ! እሱ አሻጥረኛ ከሆነ ኮሚቴው በሙሉ ይታሰር፤ እኔም አይቼዋለሁና ከፊት እሄዳለሁ» ብዬ ጮህኩ። ጎበና «ሪፖርቱ ላይ የአጥፊው ስም መሞላት አለበት» አለኝ። «እንግዲያው ሦስት መቶ አሥራ አንድ ብለህ ሙላው» አልኩት። መጀመሪያ ሴቶቹ ሳቁ፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ ሳቀ። ነጅመዲን፣ እዚህ አገር ሰው በስብሰባ ላይ እንዲህ ከልቡ ሲስቅ ካየሁ ስንት ዘመኔ ነው! ኢዶሳን ለቀቁት።

ወደ ሳልህ ሄድን። በሩን ከፍተው «ውጣ» አሉት። አልወጣም አለ። «አሻጥረኛ የሚለው ወረቀት እያየሁት ካልተቀደደ አልወጣም» ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ጎትተውት ነበር፤ የበሩን መቃን ይዞ አስቸገራቸው። ጠባቂው በመጨረሻ «ሰውዬ፣ እባክህ ውጣልኝ፣ እኔም ምሳዬን ልብላ» ብሎ ለመነው። ጎበና ወረቀቱን አምጥቶ ቀደደው። ሳልህ ያን ጊዜ ተነሳ።

እግሩን ስለሚያመው ዳገቱን ቀስ እያልን ወጣን። ለምን እንደሚያመው አልጠየቅኩትም።

ስምህን ሰው ሁሉ ሰምቶታል፤ ደብዳቤህንም ጎበና «ለመዝገብ» ብሎ ወስዶታል። ይህ ያሳስበኛል። በዚህ ሰበብ የነካህ ሰው አለ ወይ? እውነቱን ጻፍልኝ። እትዬ አስያ ቀን በቀን ይጠይቁኛል።

እህትህ ከይሪያ


ድሬስደን
ሰኔ 3 ቀን 1971 ዓ.ም.

እህቴ ከይሪያ፣

ሳልህን እንኳን አላህ ለቤቱ አበቃው በዪልኝ። ስለ በርሜሉ ክዳን ያነበብኩ ዕለት ብቻዬን ስስቅ የክፍል ጓደኛዬ ያበድኩ መስሎት ነበር።

እውነቱን ጻፍልኝ ብለሻል። የተማሪዎች ጉዳይ የሚመለከታቸው የኛ መንግሥት ሰዎች ባለፈው ሳምንት ጠሩኝ። የደብዳቤዬ ግልባጭ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። «ማንን አስፈቅደህ ነው?» አሉኝ። «ቁጥሩ ስህተት አለበት?» አልኳቸው። ቁጥሩን ማንም አላነሳም። ከዚያ አንድ ወረቀት ገፉልኝ። «ዘመዶቼ አሳስተውኝ፣ የቀበሌውን ኮሚቴ ሥራ ለማሰናከል ተባብሬያለሁ» ይላል። ከፈረምኩ ትምህርቴን እቀጥላለሁ። ካልፈረምኩ ከክረምቱ በፊት አገሬ እመለሳለሁ። ብዕሩንም አብረው ሰጡኝ፤ ጥሩ ብዕር ነው።

ጥቅምት ላይ ቢሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር እፈርም ነበር። ሳልህ የበሩን መቃን እንደያዘ ታየኝና ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩት።

የምመጣበትን ቀን ገና አልነገሩኝም። ከአውሮፕላን ስወርድ ማን እንደሚቀበለኝም አላውቅም፤ እናንተ ግን ኑ። ለእናቴ አንድ ነገር ብቻ ንገሪልኝ። ዲግሪ ይዤ አልመጣም፤ አልፈረምኩም።

ነጅመዲን ጀይላን